ከመጀመሪያው ጥይት በፊት

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል የውኃ ጉድጓዶች ዘንድ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወገን ከመቶ የሚበልጡ፣ ከኢጣሊያ ወገን ወደ ኀምሳ የሚጠጉ ሰዎች ወደቁ፤ የኋለኞቹም በአብዛኛው ከቅኝ ግዛቷ የመለመለቻቸው ሶማሌዎች ነበሩ። የወሬው ሁሉ መነሻ አንድ ጥያቄ ሆነ፦ ቀድሞ የተኮሰው ማን ነው? በፋሺስቱ መንግሥት ቁጥጥር ሥር የነበሩት የኢጣሊያ ጋዜጦች መልሱን አላዘገዩም፤ ኢትዮጵያ ናት አሉ።

ማን ተኮሰ ከማለት በፊት ግን ማን በማን መሬት ቆሞ ነበር ማለት ይገባ ነበር። በ1900 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ወልወል ከድንበሩ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ የሚገኝ ስፍራ ነው። ነገሩን የመረመሩት ገላጋይ ዳኞች ግን የቦታውን ባለቤትነት እንዳያነሡ ተከለከሉ፤ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ሁለቱንም ወገን ከጥፋት ነጻ አደረጉ።

ሙሶሊኒ የወረራውን ዕቅድ በምስጢር የጻፈው ገና ታኅሣሥ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ዛሬም ከድንበር የሚመጣ ዘገባ ከጥይቱ ይጀምራል፤ አንባቢ ግን ከመሬቱ ሊጀምር ይገባዋል።