«ተዳሳሽ አየር»፦ ጣት ሳያርፍበት ለሚታዘዝ ቁልፍ የሚሆን ስም

«ንክኪ አልባ የአየር ላይ ሃፕቲክ ግብረ መልስ።» ይህን ሐረግ እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሰባት ቃላት ተደርድረው ስለ ሰው እጅ አንድም ነገር አልነገሩንም። ይባስ ብሎ ሐረጉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። «ሃፕቲክ» ከግሪክ የመጣ የመዳሰስ ቃል ነውና፣ የተባለው ነገር ሲጨመቅ «መነካት የሌለበት መነካት» ሆኖ ቁጭ ይላል።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። አሳንሰርን ወይም የቲኬት ማሽንን ሳይነኩ፣ እጅን ከፊቱ በማንዣበብ ብቻ ማዘዝ ነው። ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች በሴኮንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃሉ። ሞገዶቹ አየር ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ግፊት ይፈጠራል፤ ያ ግፊት በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ሲበራና ሲጠፋ መዳፍ ይሰማዋል። የቶኪዮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ በ2013 ሥራቸውን አሳይተዋል። ስሜቱ ስስ ነው፤ እፍ ከተባለ ትንፋሽ ብዙም አይበልጥም። ቢሆንም ልሙጥ መስታወት ለዓይነ ስውር ጣት ምንም ምልክት ስለማይሰጥ፣ «ቁልፉ እዚህ ነው» የሚል ስስ ግፊትም ቁም ነገር ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። «ንክኪ» የሚለውን ቃል ዜና ላይ የት የት ነው የምናገኘው? «በኤሌክትሪክ ንክኪ የተነሳ እሳት»፣ በኮሮና ጊዜ «ከታማሚው ጋር ንክኪ የነበራቸው»፣ «ከወንጀሉ ጋር ንክኪ ያለው»። ቃሉ ቃጠሎ፣ ተላላፊ በሽታና ጥርጣሬ ተሸክሞ ኖሯል። «አልባ» ደግሞ የሌለውን ብቻ ይቆጥራል፤ ለማያይ ሰው የሚጠቅመው ግን ያለው ነገር ቢነገረው ነው።

የግእዝ ወዳጆች «ገሢሥ» ይላሉ። ሥሩ ገሠሠ ነው፣ ዳሰሰ ማለት፤ ለጆሮም ደስ ይላል። እኔ ግን ድሬዳዋን አስባለሁ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ ገበያው አማርኛ የሆነ ሰው ሞልቷል፤ ማሽን ፊት ቆሞ መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ይህች ከተማ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ የፈረንሳይኛ ቃል ስትቀበል ቅር ብሏት አያውቅም። ለገሃር ላ ጋር ነበር፣ አሳንሰርም ከዚያው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ጠቤ ከውሰት ጋር አይደለም። ለገሃር ሲባል በጣት የሚጠቆም ጣቢያ ነበረ፤ «ሃፕቲክ» ግን ወደ ምን ይጠቁማል?

ወደ ዳሰሰ ስንመጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የአየር ዳሰሳ» ካልን የካርታ ሥራ ይመስላል፤ ዳሰሳን የጥናት ሰዎች ቀድመው ወስደውታል። «ዳበሳ» ደግሞ በጨለማ መንገድ መፈለግ ነው፤ ለዓይነ ስውራን በተሠራ መሣሪያ ላይ ይህን መለጠፍ ስድብ ይሆናል።

የእኔ ምርጫ «ተዳሳሽ አየር» ነው። «የማይዳሰስ ቅርስ» የሚለውን ሁሉም ለምዶታል፤ ያንን የሰማ ጆሮ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ቤተሰብም አለው። እጅን የሚያገኘውን መሣሪያ ዳሳሽ ብለነዋል፤ ዳሳሹ እጁን ያገኛል፣ እጁ ደግሞ ተዳሳሹን አየር። ግሡም ለማያይ ሰው እንግዳ አይደለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ልጁን ለመለየት የዳሰሰው በዚሁ ግሥ ነው። መታለሉ እውነት ነው፤ የያዕቆብ እጅ የጠቦት ቆዳ ለብሶ ነበርና። ግን ይህም ለክርክሬ ይመቻል፤ የዛሬውም መሣሪያ የሌለ ቁልፍ እንዳለ አድርጎ ለመዳፍ የሚያሳምን ነውና።

ሲረባ «የተዳሳሽ አየር ቁልፍ» እና «የተዳሳሽ አየር ሰሌዳ» ይሰጠናል። «ግብረ መልስ» ይቅር፤ ዳሰሳው ራሱ መልስ ነው።

የማሽን መመሪያ የምትተረጉሙ ሰዎች አደራ፣ ከማተማችሁ በፊት ቃሉን ለዓይነ ስውራን አንብቡላቸው። ከተዳሳሽ አየር የተሻለ ካመጡ የእነሱን ያዙ።