ዘጠነኛው ሰው

«ባሕር በሌለው አገር ተቀምጠህ ስለ ጦር መርከብ ሞዴል መጻፍ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» አለኝ አንድ የዶርም ጓደኛዬ፣ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ካገላበጠ በኋላ። መልስ አላጣሁም። ሁላችንም ልጅ ሆነን ከጭቃ በሬ ሠርተናል። ቀንዱ ከሰውነቱ ቢበልጥ፣ አንዱ እግር ቢወላገድ «ይኸ በሬ አይደለም» ብሎ የተቆጣን አልነበረም። እውነተኛው በሬ ከደጅ ቆሟል፤ ማን ይሳሳታል? አሁን ግን በሬ የሚባል እንስሳ ከምድር ጠፍቶ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ያ የጭቃ በሬያችን ብቻ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተቀምጦ «በሬ ማለት ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበት እናስብ። ያን ጊዜ የቀንዱ ነገር ቀልድ አይሆንም።

የጥንት ጦር መርከቦችን ሞዴል በትክክል እንሠራለን የሚሉ ሰዎች ጭንቀት ይኸው ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች በተርም ፔፐራችን ላይ «በግምት»፣ «ይባላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» እያልን ማምለጥ ለምደናል። ሞዴል ሠሪ ማምለጫ የለውም። «ምሰሶው በግምት እዚህ አካባቢ ነበር» ብሎ እንጨት ማጣበቅ አይቻልም፤ ኮላው ከደረቀ ደረቀ። ያላወቀውንም ነገር ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ፣ የሆነ ልክ ሰጥቶ መሥራት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞዴል፣ ሠሪው ወደደም ጠላም፣ ስለ ታሪክ የተሰጠ ቃል ነው። ቃል ደግሞ ሐሰት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እስኬል የሚባለውን ነገር ከካርታ እናውቀዋለን። 1 ለ 48 ማለት በመርከቡ ላይ 48 ሴንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በ17ኛው መቶ ዓመት ለባሕር ኃይሉ መርከቦች ብዙውን ጊዜ በዚሁ ልክ ሞዴል ይሠራ ነበር። የታችኛው ገላቸው ጣውላ ስለማይለብስ የጎድን አጥንታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መርከቦቹ ሰጥመው ወይም አርጅተው ተፈረካክሰው ሲያልቁ ሞዴሎቹ ተርፈዋል፤ ግሪኒች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም ዛሬም ይታያሉ። እዚያ ሞዴሉ ከመርከቡ በላይ ኖሯል። እኔ የምተርከው ግን የተገላቢጦሹን ነው፦ መርከቡ በጠፋበት ዘመን ሞዴሎች ተሠሩ፣ ከዚያ መርከቡ ራሱ ከባሕር ወጥቶ መሰከረባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቡ ኤች ኤል ሃንሊ ይባላል። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1863፣ አላባማ ውስጥ ሞቢል በምትባል ከተማ የተሠራ ሰርጓጅ መርከብ ነው። ሞተር የለውም። በእጅ ማኖቬላ ነው የሚሄደው። ሰዎቹ በጠባቡ ቱቦ ውስጥ ተኮራምተው በአንድ ረድፍ ይቀመጡና ረጅሙን የብረት ዘንግ ያሽከረክራሉ፤ ዘንጉ ከኋላ ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። መብራቱ ሻማ ነው። አየሩ ሲገቡ ይዘውት የገቡት አየር ነው። በባቡር ተጭኖ ወደ ቻርልስተን ወደብ ሄደ፤ ወደቡን የሰሜኑ መርከቦች ከብበው ዘግተውት ነበርና።

በነሐሴ መጨረሻ 1863 ገና ከወደቡ ሳይርቅ ሰጠመ፤ 5 ሰው ሞተ። አወጡት። በጥቅምት 15 እንደገና ሰጠመ፤ 8 ሰው ሞተ፣ ከነሱም አንዱ ስሙን የሰጠው ሆራስ ሃንሊ ራሱ ነበር። አሁንም አወጡት፣ አጠቡት፣ ሌላ ሰው አስገቡበት። በየካቲት 17 ቀን 1864 ሌሊት፣ ጆርጅ ዲክሰን የሚባል መቶ አለቃ ያዘዘው ይኸው መርከብ ሁሳቶኒክ የተባለችውን የሰሜን ጦር መርከብ በፈንጂ መትቶ አሰጠመ። በዓለም ታሪክ የጠላትን የጦር መርከብ ያሰጠመ የመጀመሪያው ሰርጓጅ መርከብ ሆነ። ከሁሳቶኒክ የሞቱት 5 ናቸው። ሃንሊ ግን በዚያው ሌሊት ከነሰዎቹ ጠፋ። ሒሳቡን ስንደምረው መርከቡ ከጠላት 5፣ ከራሱ ሰዎች 21 ገድሏል።

ወደ ሞዴሎቹ ልመለስ። መርከቡ ከጠፋ በኋላ ሊሠራው የፈለገ ሰው ምን ነበረው? ሁለት ምስክር። አንዱ ዊልያም አሌክሳንደር የሚባል መሐንዲስ ነው። ሃንሊን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነበር፣ ውስጡም ገብቶ ሠርቷል፣ ከዲክሰን ጋር ብዙ ሌሊት አሳልፏል። ከመጨረሻው ጉዞ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ለሌላ ሥራ ወደ ሞቢል ተጠራና ተረፈ። በ1902፣ ማለት ከ38 ዓመት በኋላ፣ ትዝታውን ከነሥዕሉ በጋዜጣ አወጣ። ያረጀ የእንፋሎት ቦይለር ለሁለት ቀደን፣ በጎኑ ላሜራ ጨምረን፣ ከፊትና ከኋላ አሹለን ሠራነው አለ። ርዝመቱ 30 ጫማ፣ ወርዱ 4 ጫማ፣ ከፍታው 5 ጫማ ያህል፤ የሰዎቹ ቁጥር 9። ሁለተኛው ምስክር ኮንራድ ዋይዝ ቻፕማን የሚባል ወታደር ሠዓሊ ነው፤ በታኅሣሥ 1863 መርከቡ ቻርልስተን ወደብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነድፎታል። በሱ ሥዕል ላይ ሃንሊ ቀጠን ያለ፣ ዓሣ የሚመስል ነገር ነው።

እናንተስ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ? መርከቡን በእጁ የሠራውን መሐንዲስ ወይስ ሊሥል የመጣውን ሠዓሊ? አብዛኛው ሰው መሐንዲሱን አመነ። እኔም ብሆን የማምነው እሱን ነበር። ልኩን በቁጥር ሰጥቷል፣ ንድፉንም አስቀምጧል፤ ሠዓሊ ደግሞ ለውበት ሲል ያሳምራል እንላለን። በ1960ዎቹ በቻርልስተን ሙዚየም ደጃፍ የቆመው ባለ ሙሉ መጠን ቅጂም፣ በየቤቱ በሻንፖና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው የወጡት ትናንሽ ሞዴሎችም በአብዛኛው የአሌክሳንደርን ቦይለር ይመስሉ ነበር። ደንበር ደንበር የሚል፣ ሆዱ የተነፋ፣ የችንካሮቹ ራስ እንደ ፈንጣጣ የወጣበት በርሜል። ሠሪዎቹ እነዚያን የችንካር ራሶች አንድ በአንድ ቆጥረው መትከላቸው የትዕግሥታቸው ማረጋገጫ ነበር። በማኖቬላውና በመሪው ላይ ደግሞ ዘጠኝ ትናንሽ ሰዎች አስቀመጡ።

መርከቡ በ1995 ከባሕሩ ወለል ደለል ሥር ተገኘ። በነሐሴ 8 ቀን 2000 ተነሥቶ ወደ ሰሜን ቻርልስተን ተወሰደና ለዚሁ በተዘጋጀ የውሃ ጋን ውስጥ ገባ፤ ብረቱ አየር ካገኘው ይበሰብሳልና። ከዚያ ወዲያ በየሞዴሉ ላይ ፍርድ ይሰጥ ጀመር።

ርዝመቱ 30 ጫማ ሳይሆን ወደ 40 ጫማ የሚጠጋ፣ 12 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ያረጀ ቦይለር አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ለዚሁ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው። ከፊትና ከኋላ እንደ ቢላዋ ቀጥኖ ውሃ እንዲሰነጥቅ ሆኗል። ሠዓሊው ነበር ልክ! ችንካሮቹም ቢሆኑ ውሃው እንዳይይዛቸው ራሳቸው ከላሜራው ጋር እኩል ተስተካክሏል። እንግዲህ ያ ሁሉ በትዕግሥት የተተከለ የችንካር ራስ ስሕተት ነበር ማለት ነው። በትክክል ልሥራ ያለ ሰው ሞረዱን አንሥቶ የራሱን ድካም መፋቅ ነበረበት። ይኸን ሳስብ ይገርመኛል፤ ትክክለኛው ሞዴል ከተሳሳተው ይልቅ ለዓይን ባዶ መሰለ፣ ሥራ ያነሰበት መሰለ።

ፈንጂው የሚታሰርበት ዘንግ ከአፍንጫው በላይ ሳይሆን ከታች ነበር፣ ከብረትም ነበር። ድሮ ይነገር የነበረው፣ ፈንጂውን ጠላት መርከብ ላይ ሰክተው፣ ወደ ኋላ ርቀው ሄደው፣ በገመድ ጎትተው አፈነዱት የሚል ነበር። በ2013 ግን የዘንጉ ጫፍ ሲጸዳ የፈንጂው የመዳብ ሽፋን ቁራጭ እዚያው ታስሮ ተገኘ። አልራቁም። 61 ኪሎ ያህል ባሩድ የፈነዳው ከአፍንጫቸው 5 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው።

ውስጡ ሲከፈት ደግሞ ሰዎቹ ነበሩ። ስምንት እንጂ ዘጠኝ አልነበሩም። ሰባቱ በማኖቬላው፣ ዲክሰን ከፊት በመሪው። ዘጠነኛው ሰው በዚያ ሌሊት ኖሮ አያውቅም፤ በሞዴሎቹ ውስጥ ግን ለስንት ዓመት ተቀምጦ ማኖቬላ ሲያዞር ኖሯል። አሌክሳንደር ዋሽቷል አልልም። አንድ የተረፈ ሰው ከ38 ዓመት በኋላ የጓደኞቹን መቃብር በትዝታ ሲለካ ቢሳሳት አልፈርድበትም። ምናልባት ሲቆጥር ራሱንም ቆጥሮ ይሆናል፤ ይህ የኔ ግምት ነው፣ አንባቢ እንደ ግምት ይያዝልኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ሰዎቹ የተገኙበት ሁኔታ ነው። ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ወደ መውጫው ክዳን የተሯሯጠ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተረባረበ የለም። ውሃ ማስወጫውንም አልከፈቱትም። ታዲያ ምን ገደላቸው?

እዚህ ላይ ሞዴል እንደገና ብቅ ይላል፤ አሁን ግን ለማየት ሳይሆን ለመጠየቅ። በሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሬቸል ላንስ የተባለች የዶክትሬት ተማሪ ሃንሊን በ1 ለ 6 ከብረት ሠራችው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል። በኩሬ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ውስጡ የግፊት መለኪያ ከተተች፣ ከአፍንጫው ሥር ባሩድ አፈነዳች። ባሩዱ ስንት ይሁን? ቸኩሎ 61 ኪሎን ለ6 የሚያካፍል ይሳሳታል። ርዝመት በ6 ሲያንስ ይዘት በ6 ጊዜ 6 ጊዜ 6፣ ማለት በ216 ያንሳል። 61 ኪሎ ለ216 ሲካፈል 280 ግራም ገደማ ይሆናል። በዚህ ልክ ከተሠራ፣ በእስኬሉ በተመጠነው ርቀት ላይ የሚደርሰው ግፊት ከትልቁ ፍንዳታ ግፊት ጋር ይመሳሰላል።

በ2017 ያሳተመችው ውጤት ይህ ነው፦ ሞዴሉ አልተሰነጠቀም፣ ግፊቱ ግን በብረቱ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ ሰው ሳንባው ክፉኛ ተጎድቶ ወዲያው የመሞት ዕድሉ ቢያንስ 85 ከመቶ ነበር አለች። አጥንት ሳይሰበር፣ ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ። መርከቡን የሚጠብቁትና የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክ ክፍል ሰዎች ግን ነገሩ በዚህ አልተዘጋም ብለው ተከራከሩ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ይሁንና ትንሽ ጥርጣሬ ይፈቀድልኝ። ላሜራ ስድስት ጊዜ ሲቀጥን ብረትነቱ አብሮ አይቀጥንም፤ ውሃም ለሞዴል ሲባል አያንስም። ፊልም ላይ የሞዴል መርከብ በማዕበል ሲንገላታ ጠብታዎቹ እንደ ድንጋይ ገዝፈው የሚያሳፍሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ልጅቷ ያደረገችውን ከሙዚየም ደጃፉ ቅጂ ጋር ሳስተያየው፣ የሷ ሞዴል ቢያንስ ሊሸነፍ በሚችል መንገድ ተናግሯል። ቁጥሩን አስቀምጣለች፤ የተጠራጠረ ኩሬ ፈልጎ ይሞክር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ ሳልናገረው ባልፍ ቅር ይለኛል። ሃንሊ የተዋጋለት መንግሥት ባርነት እንዲቀጥል ጦር ያነሣ መንግሥት ነው። የቻርልስተን ወደብ ሰው ይሸጥበት የነበረ ወደብ ነው። ሞዴል ሠሪው የችንካሩን ልክ፣ የክዳኑን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን መስታወት አጥርቶ ሲያውቅ ይህን የሚያስቀምጥበት ቦታ በሞዴሉ ላይ የለውም። በ1 ለ 72 ሃንሊ ከእስክሪብቶ ብዙም አይረዝምም፣ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያምራል። ማማሩ ነው ችግሩ። ጓደኛዬ ይህን አንቀጽ ሲያነብ «እንግዲያው አይሠራ?» አለኝ። እንዲህስ አላልኩም። በሚያዝያ 2004 ስምንቱ ሰዎች ከ140 ዓመት በኋላ ሲቀበሩ ከአጥንታቸው ምርመራ የታወቀው፣ ግማሾቹ የተወለዱት አሜሪካ ሳይሆን አውሮፓ መሆኑ ነው። ከባሕር ማዶ መጥተው በሰው ጦርነት ውስጥ፣ ሁለቴ ሰው በበላ ቱቦ ውስጥ ምን ይዟቸው ገባ? ይህም በእስኬል አይወጣም።

እስካሁን ሃንሊ ሙሉ በሙሉ ተነቦ አላለቀም። በላዩ የተጋገረው የአሸዋና የዝገት ቅርፊት ሲነሣ በየጊዜው አንድ ነገር ብቅ ይል ነበር፤ በ2017 የማኖቬላው እጀታዎች በብረት ቱቦ ተሸፍነው፣ የጨርቅ ጥቅልል ምልክት እንዳለባቸው ታየ። መዳፋቸው እንዳይላጥ ነው። ከዚያ በፊት ሞዴሉን የጨረሰ ሰው ባዶ ዘንግ ሠርቶ ነበርና፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ በወረንጦ ሰባት ቦታ ላይ ክር መጠቅለል ይኖርበታል።