ከመርከብ የወረደ ሰው

እስኪ ጠጋ በሉና አንድ ወግ ልንገራችሁ። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።

ከኦስሎ መሀል ከተማ ወደ ልያብሩ የሚሄደው ትራም የኤኬበርግን ዳገት እየዞረ ሲወጣ «ሾማንስኩለን» የሚባል ፌርማታ ላይ ይቆማል። የመርከበኞች ትምህርት ቤት ማለት ነው። ሕንፃው ዛሬም ከኮረብታው ላይ ይታያል፤ ከግርጌው የሹርሶያ ወደብ ክሬኖች ኮንቴይነር ያወርዳሉ፣ ይጭናሉ። እዚያ የቆመ ኢትዮጵያዊ የቀድሞ ወደባችንን ምጽዋን ማስታወሱ አይቀርም። ባሕር ኃይላችን በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ወጣቶቻችንን ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩና።

የባሕር ኑሮ ግን ዕድሜ ልክ አይዘለቅም። ልጅ ይወለዳል፤ አባት በስልክ ብቻ የሚታወቅ እንግዳ ይሆናል። ጉልበትም ይዝላል። ያኔ መርከበኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወርዳል። ወርዶስ ወዴት?

ኖርዌዮች መልሱን ካገኙት ቆይተዋል። ኦስሎ ውስጥ በ1897 የተመሠረተ ስኩልድ የሚባል የመርከብ ባለቤቶች የመድን ማኅበር አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሆቪክ ላይ ደግሞ በ1864 የተቋቋመው የመርከብ መርማሪ ድርጅት ዲኤንቪ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሥራ የቀድሞ ካፒቴንና የመርከብ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ባሕር ላይ ያሳለፉት ዓመት እንደ ዲግሪ ይቆጠርላቸዋል።

ለምን እንደሆነ በቡና ላሳያችሁ። የይርጋጨፌ ቡና ሰሜን አውሮፓ ደርሶ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ጆንያው ርሶ ተገኘ እንበል። ማን ይክፈል? መርማሪው ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ ያወጣል፤ ሲልቨር ናይትሬት ነው። እርጥቡ ላይ ጠብ ያደርገዋል። እንደ ወተት ከነጣ ጨው አለበት፤ የባሕር ውኃ ገብቷል ማለት ነው፣ ኮንቴይነሩ ቀዳዳ እንዳለው ይፈተሻል። ካልነጣ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ የኮንቴይነሩ ላብ። ከሞቃት ወደብ የተነሣ ጭነት ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ጣሪያው ይበርዳል፤ የቡናው እርጥበት ሽቅብ ወጥቶ እንደ ድስት ክዳን ያንጠባጥባል። ብልቃጡን ማንም ሊገዛው ይችላል። ያንን የጣሪያ ጠብታ በሌሊት ተረኛ ሆኖ በባትሪ ያየ ሰው ግን የትኛው ጆንያ መጀመሪያ እንደሚርስ ሳይከፍት ያውቃል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1993 ኤርትራ ራሷን ስትችል የባሕር በራችን ተዘጋ። በ1964 የተመሠረተው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ግን ባሕር በሌለው ሀገር ባንዲራ መርከብ ማንቀሳቀሱን አላቆመም። ባሕር ዳር ላይም፣ ጣና አጠገብ፣ በየዓለሙ መርከብ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ይሠለጥናሉ። እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ይወርዳሉ። የኮንቴይነር ጭነታችን አብዛኛው በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፤ የራሰውን፣ የተሰበረውን፣ የዘገየውን የሚመረምር ዓይን እዚያ ያስፈልጋል። ያ ዓይን ደግሞ በእጃችን ያለ ሀብት ነው።

የሎጂስቲክስና የመድን ድርጅት ኃላፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ «በመርከብ ላይ ያገለገለ ይመረጣል» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ።