ለዕቃ የተገዛች ቮልስ

በ2017 ዓ.ም. አንድ ሬሳ ገዛሁ። እንዳትደነግጡ፤ የመኪና ሬሳ ነው። ስሙን ያወጣው መካኒኬ ነው። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ ሞኖብሎኳ ተሰንጥቆ ዘይት ማንጠባጠብ ስትጀምር፣ ሰውየው ከሥሯ ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይኼ ብየዳ አይዝም። አንድ የሞተች ቮልስ ፈልግና ለዕቃ ግዛ» አለኝ።

«ለዕቃ መግዛት» የምትለዋን አነጋገር አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ያውቃታል። ለመንዳት ሳይሆን ለመፍታት መግዛት ማለት ነው። አንዷ ሞታ ሌላዋን ታድን ዘንድ። ታዲያ ጠይቄ አስጠይቄ፣ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ጎማዋ ተኝቶ፣ ጣሪያዋ ላይ የጽድ ቅጠል ተከምሮ ለ17 ዓመት የቆመች ቮልስ እንዳለች ሰማሁ። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት የሚፈርስበት፣ ነዋሪውም ዕቃውን የሚጭንበት ሰሞን ነበር። የመኪናዋ ባለቤት ሰባዎቹን ያገባደዱ እናት ናቸው። የሚገቡበት ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ለማትነሳ መኪና ቦታ የለውም። ቁራሌው በኪሎ ሊገዛት መጥቶ መልሰውታል።

በዋጋው ተስማማን። ሴትየዋ ቁልፉን በእጃቸው እንደጨበጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልትነዳት ነው አይደል ልጄ?»

ምን ልበል? እውነቱን ብናገር ሐሳባቸውን ሊለውጡ ነው። ብዋሽ ደግሞ የሰው ትዳር ያህል የኖረችን መኪና በውሸት መውሰድ ነው። ያልኩትን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህች መኪና ሬሳዋ እንኳ የሚፈለገው ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሂትለር የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ ሲጥል፣ ዋጋዋ 990 ማርክ እንደሚሆንና ሠራተኛው በሳምንት 5 ማርክ እየቆጠበ እንደሚገዛት ተነገረ። ከ330 ሺህ በላይ ጀርመናዊ በደብተሩ ላይ ቴምብር እየለጠፈ ቆጠበ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ፊቱን ወደ ወታደር መኪና አዞረ። ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በዚያ ደብተር መኪና አልተረከበም። የሕዝብ መኪና ተባለች እንጂ ሕዝቡ አላያትም።

ያዳናት ጠላት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በቦምብ የተመታው ፋብሪካ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ከፍርስራሹ መካከል አንድ መኪና አስጠግኖ ለአለቆቹ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ጦሩ 20 ሺህ መኪና አዘዘ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት ጠፋ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ በመመረት ይመራ የነበረውን ፎርድ ሞዴል ቲን አለፈችው። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ውስጥ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የነጋዴ ዕቃ ሆኖ ቆየ። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው በደመወዛቸው ሊመኙት ከቻሉት መኪና አንዷ ቮልስ ናት። ለአዲስ አበባም ተስማማቻት። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነውና ራዲያተር የላትም፤ ዳገት ላይ ውሃዋ ፈልቶ ባለቤቷን ጀሪካን አታሸክምም። ሞተሯ ከኋላ ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ ጭቃ ውስጥም መሬት ትቆነጥጣለች። ቁጠባዋ አይጣል ነው፤ በአንዳንዶቹ ሞዴሎች የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በስኮርታው ጎማ አየር ነው።

ለዕቃ የምትፈለግበት ምስጢር ግን ሌላ ነው። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። እነሱ ከተፈቱ ሁለት ጎበዞች ጎትተው ያወጡታል። አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ገላዋ በሙሉ ከወለሏ የሚለየው በብሎን ነው። ፋብሪካው ደግሞ ቅርጿን በየዓመቱ አልቀያየረም፤ ያሻሻለውን ውስጥ ውስጡን አሻሻለ። ስለዚህ የ1200ዋን ሞተር አውጥቶ የ1300ን ወይም የ1500ን መተካት የተለመደ ነገር ሆነ። የአንዷ በር ለሌላዋ ይሆናል፤ የታናሽ ልብስ ለታላቅ እንደሚሆንበት ቤት ማለት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህች የሕዝብ መኪና ታሪክ ውስጥ ገባች። በዋዜማው ምሽት ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳይቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወጣት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃውን ቃል አነበቡና ጃንሆይን ደጅ ወደቆመች ቮልስ ወሰዷቸው። ቮልስ ባለ ሁለት በር ናት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊተኛው ወንበር ታጥፎለት፣ አጎንብሶ ነው የሚገባው። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት እንደዚያ ገብተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የዘመን መለወጫን ምልክት ይዞ ይዞር ጀመር።

የሚገርመው፣ ቮልስ እኛ ዘንድ ከዚህ ክብር በደረሰች ማግሥት መቸገር ያዘች። የግል መኪና እንደ ቅንጦት መታየት ጀመረ፤ የውጭ ምንዛሬ መድኃኒትና ነዳጅ እየቀደሙት ለመለዋወጫ አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በጥር 1978፣ በእኛ 1970 ዓ.ም.፣ ጀርመን ራሷ ባለ ጣሪያዋን ቮልስ መሥራት አቆመች። ያን ጊዜ ነው «ለዕቃ መግዛት» ጥበብ የሆነው። የተጋጨች፣ የተቃጠለች፣ ባለቤቷ የተሰደደ፣ ወራሾች የተካሰሱባት መኪና ሁሉ ፈላጊ አገኘች። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ካያችሁ፣ መኪና ማለት እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ የሚወጣላት ነገር ናት። በሩ ለአንዱ፣ መሪው ለሌላው፣ መብራቱ ለሦስተኛው።

የምንፈታው ብረቱን ብቻም አይደለም። መካኒኬ ሲሠራ አፉን ሳዳምጥ የሚያወራው ሌላ ታሪክ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ኩሺኔታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ የጋራዡ ቋንቋው ግን ቀረ። ያን ቋንቋ ወስደን በጀርመን መኪና ላይ ገጠምነው። ሴትየዋ የሚለቁት ሰፈር ስሙ ራሱ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ካዛንቺስ ያልነው፣ «ኢንቺስ» የተባለ የጣሊያን ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች ነው። ወራሪውን አባረን የሚጠቅመውን ዕቃ አወለቅን ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው ዕቃው ከማን እንደወለቀ መርሳት ነው።

ወደ ካዛንቺሱ ግቢ እንመለስ። «ልትነዳት ነው አይደል?» ብለው የጠየቁኝን እናት ዓይን ዓይናቸውን አየሁና መዋሸት አቃተኝ።

«አይ እማማ፤ ለዕቃ ነው የፈለግኳት። የእኔዋ ሞተሯ ተሰንጥቆ ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቁልፉን ይነሱኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ቤት ገቡና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ከውስጡ ሊብሬዋን አወጡ። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ በ1963 ዓ.ም. በየወሩ እየከፈሉ ነው የገዟት። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ከሚለው ቦታ የመጀመሪያው ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ ማኅተምም አርፎበታል።

«አየህ? እሷም በሰው ሞተር ነው የሄደችው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመምህሩ የሥራ ባልደረባ የነበረ ሰው በ1970 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ ደም ሲፈስ፣ አንድ ሌሊት ቮልሱን እናቱ ግቢ አቁሞ በሱዳን በኩል ወጣ። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ስምንት ዓመት ጠበቀችው። አልመጣም። እናትየው ሲቸግራቸው ለዕቃ ሸጧት፤ መምህሩ ሞተሯን ወሰዱ። ኅሊናቸው ግን እምቢ አላቸውና አድራሻውን አፈላልገው አሜሪካ ደብዳቤ ጻፉለት፤ «ሞተርህ እኔ ዘንድ ናት» ብለው። የመጣው መልስ አጭር ነበር ይላሉ ሴትየዋ። «ቢያንስ እሷ አገሯ ቀረች።»

ሰውየው እዚያው አርፏል፤ መምህሩም አርፈዋል። ቮልሷ የቆመችው እሳቸው ካረፉ ጀምሮ ነው።

«እንግዲህ አሁን ተራው የሷ ነው» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ። «ቁራሌውን የመለስኩት ገንዘቡ አንሶኝ አይደለም። እሱ ያቀልጣታል። አንተ ግን የማን እንደነበረች ጽፈህ አስቀምጥ።»

ሬሳዋን በክሬን ጭነን ጋራዥ አደረስናት። ያለ ርኅራኄ ተፈታች፤ አልዋሽም። የግራ በሯ የተጋጨች መኪና ለነበረው ጎረቤቴ ሄደ። መሪዋ፣ የፊት መብራቶቿና ሁለት ፓራፋንጎ ሶማሌ ተራ ወረዱ። ወለሏን ዝገት በልቶት ነበርና በመጨረሻ እሱ በኪሎ ተሸጠ። ሞኖብሎኩ ግን ጤነኛ ነበር። የቮልስ የሞተር ቁጥር የሚቀረጸው ሞኖብሎኩ ላይ ነው። ስለዚህ ያ የስደተኛው ሰው ቁጥር አሁን እኔ መኪና ውስጥ አለ፤ ሦስተኛ ገላው መሆኑ ነው። ሊብሬዬም ላይ አንድ ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ተጻፈበት።

ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ ተከፍቷል፤ የነገሥታት ዕቃ እዚያ ይጠበቃል። መልካም ነው። የመምህሩ ቮልስ ግን ሙዚየም አይገባትም፤ እሷ የምትኖረው በመበታተን ነው። ማስታወሻዋም ያው የተሰረዘበት ሊብሬና አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ናት። ቤቶቻችንን ስንለቅ መጀመሪያ የምንጥለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መንገዱን እየያዘው ነው። በርሱ ውስጥ ካንዴላ የለም፤ ፋሻ የለም፤ ማርሚታ የለም። አንድ ቀን ቃላቱም ከመካኒኮቹ ጋር ያልፋሉ። ስለዚህ እናንተም ግቢ ውስጥ የቆመች መኪና ካለች፣ ከመፈታቷ በፊት ሊብሬዋን ገልጣችሁ አንብቡ። ማን እንደገዛት፣ ማን እንደነዳት፣ ሞተሯ ከየት እንደመጣ አንድ ገጽ ጻፉ። ብረቱን ውሰዱት፤ ለዚያ ነው የተሠራው።

እኔም ጻፍኩ። የሦስቱን ባለቤቶች ስም ከእነዓመተ ምሕረታቸው በወፍራም ወረቀት ጽፌ መኪናዬ ውስጥ ከሊብሬው ጋር አስቀመጥኩት።

ሞተሩ የገባ ቀን ቮልሴ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ለሴትየዋ ስልክ ደወልኩና ምንም ሳልናገር ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁት። ቮልስ ድምፅዋ ከማንም አይመሳሰልም፤ ታውቃላችሁ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣

«እሷው ናት» አሉኝ።