የኢትዮጵያና የኤርትራ ፌዴሬሽንና የሥልጣን ክፍፍል

ፌዴሬሽን ማለት ሁለት መንግሥታት አንዱን ሕዝብ፥ እያንዳንዳቸው በተወሰነላቸው የሥራ ድርሻ፥ የሚያስተዳድሩበት ሥርዐት ነው። የወል የሆነው ጉዳይ ለማዕከላዊው መንግሥት ይሰጣል፤ የአካባቢው ጉዳይ ለየግዛቱ መንግሥት ይቀራል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው የሁለቱ ወሰን ያጠራጠረና «ማን ይፍረድ?» የተባለ ዕለት ነው። የዚህንም ጥያቄ ክብደት ለመረዳት ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም. የቆየውን የኢትዮጵያና የኤርትራን ፌዴሬሽን ብንመረምር ይበቃናል።

ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሆና ከቆየች በኋላ በ1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ዋለች። ከጦርነቱም ፍጻሜ በኋላ ኀያላን መንግሥታት ስለ ዕድሏ መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀረበ። ከሕዝቡ አንዱ ወገን ከኢትዮጵያ ጋር ፍጹም አንድነትን፥ ሌላው ወገን ነጻነትን ይሻ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤውም መካከለኛውን መንገድ መርጦ፥ ኤርትራ የውስጥ አስተዳደሯን እንደ ያዘች በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 ድምፅ ወሰነ፤ 10 መንግሥታት ተቃወሙ፥ 4 ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ።

የሥልጣኑም ክፍፍል እንደሚከተለው ነበር። አገር መከላከል፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብ፥ ከውጭ አገርና በሁለቱ መካከል የሚደረገው ንግድ፥ ወደቦችም ሳይቀሩ ከውጭና በመካከል ያለው መገናኛ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ሆነ። ከዚህ የቀረው ሁሉ፥ ይኸውም ፖሊስ ማቆም፥ ለውስጥ ወጪ ግብር መጣልና በጀት ማጽደቅ ጭምር፥ ለኤርትራ መንግሥት ተተወ። መድረሻቸው ወይም መነሻቸው ኤርትራ ከሆነ ዕቃዎች የሚሰበሰበውም ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ተደነገገ። 68 አባሎች የነበሩት የኤርትራ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ተቀበለ፤ መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. እንግሊዞች አስተዳደሩን አስረከቡ።

ጽሑፉን ላነበበ ሰው ክፍፍሉ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን የፌዴራል መንግሥት የተባለው ከኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የተለየ አልነበረም። ከሁለቱ ወገን በእኩል ቍጥር የተውጣጣ የንጉሠ ነገሥት ፌዴራል ምክር ቤት ቢታሰብም፥ ምክር ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን አልተሰጠውም። ስለዚህ ስለ ቀረጡ ድርሻ ክርክር በተነሣ ጊዜ ተከራካሪውና ሒሳብ ያዡ አንድ ሆነ።

በ1947 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ፥ በጽሕፈት ቤታቸው ዘንድ የውስጥና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ለኤርትራ ምክር ቤት አስታወቁ። በዚሁ ዓመት የኤርትራ መንግሥት መሪ ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የተተኩትም የእንደራሴው ምክትል የነበሩት አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ናቸው። በ1951 ዓ.ም. የኤርትራ ባንዲራ ወረደ፤ በ1952 ዓ.ም. «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ።

እነዚህ እርምጃዎች በምክር ቤቱ በኩል የተፈጸሙ ናቸው፥ አንድነትንም ከልብ የሚሹ ኤርትራውያን ነበሩ የሚል ክርክር ይቀርባል። እኛም አንድነትን የሚሹ መኖራቸውን አንክድም። ሆኖም ምክር ቤቱ በነጻ ፈቃዱ መሥራቱን የሚጠራጠር ዜጋ አቤት የሚልበት፥ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ችሎት አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የጦር መሣሪያ ትግል እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ፤ በ1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች።

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በዳኛ ፊት የተረታ ሰው ትልቁን ነገር አጥቶ እንኳ ፍርዱን ተቀብሎ ይገባል፤ ያለ ዳኛ የተወሰደበት ግን ትንሹም ነገር ከልቡ አይወጣም። ሥልጣንን በዝርዝር ጽፎ ማካፈል የፌዴሬሽን መጀመሪያው ነው። ዝርዝሩን የሚጠብቅ፥ ለአንዱም ወገን የማያደላ ዳኛ ካልቆመለት ግን ጽሑፉ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ይህ የ10 ዓመት ታሪክ ያስተምረናል።