በየካ የተቀመጠው የገበሬው ዘር

የማኅበሮቻችን አባላት ለጉዳይ አዲስ አበባ ገብተው ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ሲያልፉ፣ በስተግራ በኩል በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የእንጦጦ ተራራ ያያሉ። ከተራራው ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ በኮሞሮስ ጎዳና አካባቢ፣ አንድ የመንግሥት የምርምር ተቋም አለ። በውስጡ የተከማቸው ሀብት የማን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ የተቋሙን ታሪክ በአጭሩ ማውሳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩን ከተራራው መጀመር ይሻላል። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙበት ዘመን የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላም የማገዶ እጥረቱ ስለበረታ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከመዛወር ካዳኗት ምክንያቶች አንዱ ነው። ውለታው አይካድም፤ ዛሬም የብዙ ገበሬ ጥሪት እሱ ነው። ሆኖም ተራራው በአንድ ዓይነት እንግዳ ዛፍ ሲሸፈን፣ የአገሩ ጥድ፣ ኮሶና ወይራ በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተወስኖ ቀረ።

በእርሻችንም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የተሻሻለ ዘር ምርት እንደሚጨምር እናውቃለን፤ ዩኒየኖች ራሳቸው ሲያከፋፍሉት ኖረዋል። ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ ድሮ ተቀላቅለው ይዘሩ የነበሩት የስንዴና የገብስ ዓይነቶች በዚያው ልክ እየጠፉ ሄደዋል። በዚህ ረገድ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም።

የዚህን ዘር ዋጋ ቀድመው የተረዱት የውጭ ሰዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሎ መዝግቧታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ደግሞ ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታን የሚቋቋም ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ለዘመናት መርጦ ያቆየው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1976 በኢትዮጵያና በፌዴራል ጀርመን መንግሥታት ስምምነት የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ። ስሙና ሥልጣኑ በየጊዜው በወጡ ሕጎች ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ባለሙያዎች ከየማሳው፣ ከየአውድማውና ከየገበያው ዘር ሲሰበስቡ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና ገበሬው ዘሩን የሚጠራበትን ስም ይመዘግባሉ። ዘሩ ይበጠራል፤ የመብቀል አቅሙ ይፈተሻል፤ እርጥበቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል። ከዚያም አየር በማያስገባ የአሉሚኒየም ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የመብቀል አቅሙ ሲቀንስ ተዘርቶ ይታደሳል። በዚህ ዓይነት ከ60 ሺህ በላይ ናሙናዎች ተጠብቀዋል። እንደ ቡናና እንሰት ያሉት በዚህ መንገድ ስለማይቆዩ በመስክ ተተክለው ይጠበቃሉ፤ በጅማ ዞን ጮጬ ያለው የቡና ማሳ ለዚህ ምሳሌ ነው።

በ1977 ዓ.ም ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን ሳይቀር በልቶ ሲጨርስ የማዕከሉ ጥቅም ጎልቶ ታየ። በወቅቱ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል መታሸጉ ብቻውን በቂ አይደለም፣ በገበሬው እጅ በማሳ ላይም መኖር አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። በካናዳ ግብረ ሠናይ ድርጅት እገዛ በወሎና በሸዋ ሥራው ተጀመረ። በምሥራቅ ሸዋ ኤጄሬ አካባቢ ከማሳ ጠፍቶ የነበረው የአገር ዱረም ስንዴ፣ ቀደም ሲል ተሰብስቦ ከተቀመጠው ዘር ተወስዶ ለገበሬው ተመለሰ። ከነዚህ ዓይነቶች መካከል ተመርጠው የተባዙት ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ጥሩ ምርት መስጠት እንደሚችሉ ታየ። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በኤጄሬ ዘሩን ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ተቋቁሟል፤ አባሉ በዘር ወቅት ይበደራል፣ በመኸር ጥቂት ጨምሮ ይመልሳል። ለኅብረት ሥራ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም።

የጤፉ ጉዳይ ግን ያን ያህል አያስደስትም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለ፤ ከጥቅሙ ሊያካፍልም ቃል ገባ። በሌላ በኩል በጤፍ ዱቄትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ በአውሮፓ የፓተንት መብት አስመዘገበ። በ2009 ሲከስር ኢትዮጵያ ያገኘችው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፓተንቱ በኔዘርላንድስ የተሻረው በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው።

ከስምምነቱ አንድ ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 በዚህ ላይ ግልጽ ነገር ይዟል። የአካባቢ ማኅበረሰብ ዘሩን የመጠቀምና እርስ በርሱ የመለዋወጥ መብቱ አይገሰስም። ከዘሩ መንግሥት ከሚያገኘው የገንዘብ ድርሻም 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ ነው። ይህን አንቀጽ ስንቱ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ስንቱስ የማኅበር ሥራ አመራር አንብቦታል?

በየካው መዝገብ ላይ የየወረዳው ስም ተጽፏል። ከማሳው የጠፋ የገብስ ወይም የስንዴ ስም የሚያስታውሱ አዛውንት በየማኅበሩ አሉ። እነዚያን ስሞች በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከአዛውንቶቹ አፍ መዝግቦ፣ በደብዳቤ ወደ ኢንስቲትዩቱ ልኮ ዘሩ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ለዩኒየናችን የአንድ ቀን ሥራ ነው።