የሳተላይት ዲሽ በአዲስ አበባ

የሳተላይት ዲሽ (በአጭሩ ዲሽ) ከሳተላይት የሚመጣን የቴሌቪዥን ሞገድ ሰብስቦ በኬብል ወደ ሪሲቨር የሚያስተላልፍ ሳህን መሰል አንቴና ነው። በኢትዮጵያ በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ኬብል የሚሰራጭ ቴሌቪዥን አልተስፋፋም። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎችን ማየት የሚፈልግ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚጠቀመው ዲሽ ነው። አንድ ቋሚ ዲሽ የሚያየው አንዱን የሰማይ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የዞረበት አቅጣጫ ቤተሰቡ የሚያያቸውን ጣቢያዎች ይወስናል። እንደ አራዳና ፒያሳ ባሉ የቆዩ ሰፈሮች የዲሾቹ አቅጣጫ በየጊዜው ተለዋውጧል። የዚህ ለውጥ ታሪክ የከተማዋ የቴሌቪዥን ታሪክ አንድ አካል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከዲሽ በፊት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ስቱዲዮው በቸርችል ጎዳና አናት ላይ በሚገኘው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ ቆይቶ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲከበር ወደ ባለ ቀለም ተሸጋገረ።

በዚያ ዘመን ሥርጭቱ የሚደርሰው በምድር ላይ ካለ ማሠራጫ ሲሆን የሚቀበለውም ጣሪያ ላይ የሚተከል የብረት ዘንግ አንቴና ነበር። ምስሉ ሲበላሽ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ «አሁን ጠራ» ወይም «ጠፋ» እያለ ይጮኻል። ለብዙ ዓመታት ጣቢያው አንድና የመንግሥት ስለነበር የአንቴናው አቅጣጫ የሚወስነው የምስሉን ጥራት እንጂ የጣቢያውን ምርጫ አልነበረም። ዲሽ ሲመጣ ግን ይህ ተለወጠ።

አሠራሩ

የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አንድ ሳተላይት ምድርን ለመዞር የሚወስድበት ጊዜ ምድር ራሷን ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከታች ለሚያየው ሰው አንድ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል። አንድ ጊዜ በትክክል የተተከለ ዲሽ መልሶ ማዞር የማያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳህኑ ደካማውን ሞገድ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባል። በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ሞገዱን አጉልቶ በኬብል ሊጓዝ ወደሚችል ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይለውጠዋል። ኬብሉ ሁለት ሥራ አለው፤ ምስሉን ወደ ታች ያወርዳል፣ ከሪሲቨሩ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ደግሞ ወደ ኤልኤንቢው ያደርሳል። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው በቁመት የሚወዛወዘውን ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲልክ በአግድም የሚወዛወዘውን ይመርጣል።

በአዲስ አበባ ቤቶች ላይ የሚታዩት ሳህኖች በአብዛኛው ዲያሜትራቸው ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህ ሳህኖች ኤልኤንቢያቸው ከመሃል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ፊታቸው ወደ አድማስ ያዘነበለ ቢመስልም የሚያዩት ከዚያ በ20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለውን ሰማይ ነው።

አቅጣጫዎች

አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38.7 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። ከዚህ ቦታ ሲሰላ በከተማዋ የሚታወቁት ሳተላይቶች የሚገኙት እንደሚከተለው ነው። አቅጣጫው ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት ቆጣሪ ዙር የሚለካ ሲሆን ከፍታው ከአድማስ ነው።

• ናይልሳት (7 ዲግሪ ምዕራብ)፦ አቅጣጫ 261 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ፤ ከፍታ 37 ዲግሪ
• ዐረብሳት (26 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 235 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ፤ ከፍታ 72 ዲግሪ
• ዲኤስቲቪ የሚሰራጭበት (36 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 197 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ፤ ከፍታ 79 ዲግሪ፣ አናት ላይ ማለት ይቻላል
• ኢትዮሳት (57 ዲግሪ ምሥራቅ)፦ አቅጣጫ 115 ዲግሪ፣ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል፤ ከፍታ 66 ዲግሪ

አራቱም በደቡብ በኩል ባለው የሰማይ ግማሽ ይገኛሉ። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ብቻ ከሚያይ በረንዳ አንዳቸውንም ማግኘት አይቻልም። ፒያሳ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ በሚወርድ ተዳፋት ላይ ስለሆነች፣ በዝቅተኛ ቤቶቿ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ ሰማዩ ክፍት ይሆንለታል።

ሁለት ሳተላይቶች በጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚራራቁ ከሆነ በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ኤልኤንቢ በማሰር ሁለቱንም መቀበል ይቻላል። ናይልሳትና ኢትዮሳት ግን በ64 ዲግሪ ስለሚራራቁ አንድ ተራ ሳህን ሁለቱን አይችልም። ሁለቱንም የሚፈልግ ቤተሰብ ሁለት ዲሽ ይተክላል፤ አንድ ዲሽ ብቻ ያለው ይመርጣል።

የሥርጭቱ ታሪክ

በመጀመሪያ ዲሾች የሚያሳዩት በአብዛኛው የውጭ አገር ጣቢያዎችን፣ በተለይም በዐረብሳትና በ1990ዎቹ ሥራ በጀመረው በግብፁ ናይልሳት በኩል የሚተላለፉትን ነበር። የአማርኛ የሳተላይት ጣቢያዎች የበዙት በ2000ዎቹ ነው። ከአሜሪካ የተነሳው ኢቢኤስ በእነዚህ ዓመታት መጀመሪያ ሥርጭቱን ሲጀምር፣ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ የሚያቀርበው ቃና በ2008 ዓ.ም. ተከተለ። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በናይልሳት አቅጣጫ ስለተሰባሰቡ የከተማዋ ዲሾች ወደ ምዕራብ ዞሩ።

ዲሽ የፖለቲካ ጉዳይም ሆኗል። በ2002 ዓ.ም. በውጭ አገር የተቋቋመው ኢሳት በተደጋጋሚ የሞገድ አፈና ደርሶበታል። ዐረብሳት በ2006 ዓ.ም. በሳተላይቶቹ ላይ የደረሰው አፈና ከኢትዮጵያ ግዛት የተነሳ መሆኑን በይፋ ሲገልጽ የኢትዮጵያ መንግሥት አስተባብሏል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከለከለ። ሁለቱም ጣቢያዎች በ2010 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ አገር ውስጥ መሥራት ችለዋል።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ለኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተለየ መድረክ ለማቋቋም ተስማሙ። ኢትዮሳት የተባለው ይህ መድረክ የሚጠቀመው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሲሆን ለመመልከት ወርኃዊ ክፍያ አይጠየቅም። ጣቢያዎቹ ወደዚያ ሲዛወሩ ሳህኖችን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማዞር አስፈለገ። ሥራው ሳህኑን በማዞር ብቻ አያበቃም፤ ሳተላይቱ በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ኤልኤንቢው የሚጠመዘዝበት ማዕዘንም ይገለበጣል።

በአራዳና በፒያሳ

አራዳ የከተማዋ ቀዳሚ ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ ፒያሳ የሚለው ስም ደግሞ «አደባባይ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ቀርቷል። ትርፍ የከተማ ቤቶችን መንግሥት የወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ በአንድ ግቢም ብዙ አባወራ ይኖር ጀመር። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ዲሽ በሌላው ጣሪያ ላይ የሚቆምበት፣ ኬብሉም በጎረቤት ኮርኒስ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ዲሽ ለብዙ ቤት ማካፈል የሚቻለው በአግባቡ ሲሠራ ነው። ከአንድ መውጫ የሚመጣ ኬብል በተራ ማከፋፈያ ለሁለት ሪሲቨር ቢከፈል፣ አንደኛው 18 ቮልት በሚልክበት ጊዜ ሌላው በ13 ቮልት የሚመረጡትን ጣቢያዎች ያጣል። «እናንተ ስትቀይሩ የእኛ ይጠፋል» የሚለው የጎረቤት ቅሬታ መነሻው ይህ ነው። መፍትሔው ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ መግጠምና ለየቤቱ የራሱን ኬብል መዘርጋት ነው። ሆቴሎችና ትልልቅ ሕንፃዎች ደግሞ ጥቂት ዲሾችን በአንድ ቦታ ተክለው ምልክቱን በውስጥ መስመር ለየክፍሉ ያከፋፍላሉ።

ወርኃዊ ክፍያ የሚጠይቀው ዲኤስቲቪ ደግሞ የጋራ የመመልከቻ ቦታ ፈጥሯል። በተለምዶ «ዲኤስቲቪ ቤት» የሚባሉት ቤቶች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን ገንዘብ እያስከፈሉ ያሳያሉ። ቤቱ ዲሽ የሌለው ወይም ክፍያው የሚከብደው ደጋፊ ጨዋታውን የሚያየው እዚያ ነው።

አተካከልና ብልሽት

በተከላ ጊዜ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሳህኑ ሳይሆን ምሰሶው ነው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ካልቆመ የከፍታ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል። ቀጥሎ ከፍታው ይታሰርና ሳህኑ በጣም በዝግታ ወደ ጎን ይዞራል፤ በሪሲቨሩ ላይ የምልክት ጥራት መለኪያው ከፍ ሲል ብሎኑ ይጠብቃል። ኮምፓስ በቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ስለሚሳሳት ከጣሪያው ርቆ መለካት ይሻላል። የሁለት ዲግሪ ስሕተት ምስሉን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

ኬብሉ በረዘመ መጠን ምልክቱ ይደክማል። በክረምት ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ የሚቆራረጠው የውሃ ጠብታዎች ሞገዱን ስለሚውጡና ስለሚበትኑ ነው። ናይልሳት ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ሞገዱ በዝናቡ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ ከኢትዮሳት ይረዝማል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንታትና በመስቀል ሰሞን፣ ፀሐይ በቀጥታ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ምስሉ ለተወሰኑ ቀናት ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ለኢትዮሳት ረፋድ ላይ፣ ለናይልሳት ከሰዓት በኋላ ሲሆን ዲሹን መነካካት አያስፈልግም፤ በራሱ ይመለሳል።

ጣሪያ ላይ መሥራት አደጋ አለው። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ በአሮጌ ሰፈሮችም የኤሌክትሪክ ሽቦ ከጣሪያ ብዙ ላይርቅ ይችላል። ነጎድጓድ ባለበት ጊዜ ጣሪያ ላይ መውጣት አይገባም፤ ኬብሉን ከሪሲቨሩ መንቀልም ዕቃውን ከጉዳት ይጠብቃል።

ቦታ ሲቀየር

ዲሽ ተነቅሎ ከባለቤቱ ጋር የሚሄድ ዕቃ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በመኪና በሚጎተቱ ቤቶች የሚጓዙ ሰዎች ሳህኑን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለው በደረሱበት ሁሉ እንደገና ያስተካክሉታል፤ በማረፊያው የኬብል መስመር ካለ ደግሞ ከዲሹ ወደ መስመሩ በማቀያየሪያ ይዞራሉ። ደንቡ በኢትዮጵያም ያው ነው፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን ማዕዘኑ ይለወጣል። ለምሳሌ ኢትዮሳት ከባሕር ዳር ሲታይ አቅጣጫው ወደ 119 ዲግሪ፣ ከፍታው ወደ 64 ዲግሪ ይሆናል።

በአዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲቀየር ማዕዘኑ ይህን ያህል አይለወጥም፤ የሚለወጠው እይታው ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በዙሪያዋ ያሉ በርካታ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎች በከተማዋ ዳር ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጭምር ተዛውረዋል። በግቢ ቤት ዲሹ የሚቆመው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ክፍት በሆነ ጣሪያ ላይ ነበር። በፎቅ ላይ ግን ቤተሰቡ ያለው አንድ በረንዳ ከሆነ፣ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ካላየ ወይም ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ ከቆመ ኢትዮሳት አይገኝም። ከላይ ያለው በረንዳም ከፍታ ላይ ያለውን ሳተላይት ሊጋርድ ይችላል። ያን ጊዜ ዲሹን ወደ ሕንፃው ጣሪያ ማውጣትና ረጅም ኬብል መሳብ፣ አለዚያም ከጎረቤቶች ጋር አንድ የጋራ ዲሽ መትከል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዲሹን ይዞ ወደ ፎቅ የሚዛወር ቤተሰብ በረንዳው ወደየት እንደሚያይ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።